ሳትለካ አትንካ!

ማርሹ «ፒ» ላይ ተቸንክሮ አልወጣም ያለ አውቶማቲክ መኪና ይዛችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ያገኛችሁት ጋራዥ ግቡ። ከሦስት መልሶች አንዱን ትሰማላችሁ። «ካምቢዮው ሞቷል።» «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል።» «ቀላል ነው፤ ሎኩን ነቅለን እንጥለውና ትነዱታላችሁ።» ሦስቱም የሚነገሩት የፊውዝ ሳጥኑ ሳይከፈት፣ የቴስተር ጫፍ አንድ ሽቦ ሳይነካ ነው። የተናጋሪው ልበ ሙሉነት ግን! ካምቢዮው ውስጥ ገብቶ አድሮ የወጣ ነው የሚመስለው።

እኔ ይህን ሙያ ብዬ አልጠራውም። በሰው ገንዘብ የሚጣል ዕጣ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ካልወጣ ሌላ ዕቃ ይገዛል፤ እሱም ካልወጣ ሌላ። የሚከፍለው ደንበኛው፣ የሚለማመደው መካኒኩ፣ የሚያተርፈው ዕቃ ሻጩ ነው። ከገንዘቡ የባሰው ደግሞ ሦስተኛው መልስ ነው፤ ያ «ነቅለን እንጥለው» የሚባለው። ማርሹን የሚቆልፈው ሥርዓት ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ አልተበላሸም። ሌላ ነገር፣ ያውም ነፍስ ሊያጠፋ የሚችል ነገር መበላሸቱን እየነገራችሁ ነው። እሱን ነቅሎ መጣል ሌባ ሲመጣ የጮኸውን ውሻ ገድሎ በሰላም እንደ መተኛት ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ መጫወቻ የሚያደርገን አለማወቃችን ነውና። አውቶማቲክ መኪና «ፒ» ላይ ሲቆም ከማርሹ ሥር አንዲት ትንሽ ሶሌኖይድ መንገድ ትዘጋለች። ሶሌኖይድ ማለት የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በውስጧ ያለውን ትንሽ ብረት የምትስብ ዕቃ ናት። ቁልፉን ከፍታችሁ ፍሬን ስትረግጡ ከፔዳሉ በላይ ያለው ማብሪያ ይገናኝና የኋላ የፍሬን መብራቶችን ያበራል። በዚያው ቅጽበት «ፍሬን ተረግጧል» የሚል መልእክት ማርሹ ሥር ላለችው መቆጣጠሪያ ሳጥን ይደርሳታል። ሳጥኗ ለሶሌኖይዷ ኤሌክትሪክ ትለቃለች፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ማርሹ ይፈታል። በቃ። ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ ሽቦ፣ አንዲት ሳጥን፣ አንዲት ሶሌኖይድ። ካምቢዮው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለበትም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የፍሬን መብራቱና የማርሹ መልእክት የሚነሱት ከአንድ ማብሪያ ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ደግሞ ከአንድ ፊውዝ። ስለዚህ ማርሹ አልፈታም ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «ካምቢዮ ስንት ገባ?» ሳይሆን «የፍሬን መብራቴ ይበራል ወይ?» ነው። ለዚህ ምርመራ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጃችሁን ወይም የግቢውን ጥበቃ ከኋላ አቁሞ ፔዳል መርገጥ ነው። ምንም አያስከፍልም። ምንም ስለማያስከፍል ይመስለኛል ማንም የማያደርገው።

ይህን የምለው ከሰማይ ወርዶልኝ አይደለም፤ በራሴ መኪና ደርሶብኝ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ማርሹ ከ«ፒ» ንቅንቅ አልል አለኝ። አስጎትቼ ያስገባሁበትን ጋራዥ ስም አልጠራም፤ ስሙ ቢጠራ አንድ ጋራዥ ብቻ የበደለኝ ይመስላል። ሰውዬው ገብቶ ተቀመጠ፣ ማርሹን በኃይል ጎተት ጎተት አደረገው፣ ምላሱን መጠጠና «እትዬ፣ ካምቢዮው ነው፤ ሙሉው ይቀየራል» አለኝ። የፍሬን መብራቱን አያችሁት ወይ ስለው፣ መብራትና ማርሽ ምን አገናኛቸው በሚል ዓይን አየኝ። ለካችሁት ወይ አልኩት። «ካምቢዮ በምን ይለካል?» አለና ሳቀ፤ አብረውት ያሉትም ሳቁ። ቀጥሎ የመጣችው ነች እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ። «እርስዎ አይድከሙ፤ ባለቤትዎ ይምጡና ከሳቸው ጋር እንነጋገራለን።»

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ነው። ስለ መኪና ከሚያውቀው ግማሹን የሰማው ከእኔ ነው። ለዚህ ሰው ግን ሱሪ የታጠቀ ሁሉ ካምቢዮ ያውቃል፤ ቀሚስ የለበሰች ሁሉ ገንዘብ ይዛ የምትመጣ ዕውር ናት። እህቶቼ፣ ጋራዥ ስትገቡ የሚጨመርባችሁ ዋጋ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ግን ትከፍሉታላችሁ። መድኃኒቱም ወንድ ይዞ መሄድ አይደለም። ወንዱንም ያታልሉታል፤ ልዩነቱ እሱ እንደገባው መስሎ አንገቱን እየነቀነቀ መታለሉ ብቻ ነው።

መኪናዬን አስጎትቼ ወደ ቤት መለስኩ። በሰፈራችን የአውቶ ኤሌክትሪክ አስተማሪ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው አሉ። ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ ካምቢዮው ነው ብለውኛል» ስላቸው «ማን ነው ያለሽ፣ መኪናዋ ናት ወይስ ሰውዬው?» አሉኝ። ከኮታቸው ኪስ ቴስተርና አንዲት ባለ ሁለት ሽቦ የመሞከሪያ አምፖል አወጡ። ፍሬን አስረገጡኝና ከኋላ ዞረው አዩ። ከሦስቱ የፍሬን መብራቶች አንዱም አልበራም። የ«ስቶፕ» ፊውዙን ነቅለው በብርሃን አዩት፤ ተበጥሷል። በዚያው ልክ አዲስ ፊውዝ አስገቡና እንደገና አስረገጡኝ። ወዲያው ተበጠሰ።

ሌላው ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ወፍራም ፊውዝ ያስገባል፤ ካጣም በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት ይጠቀልለዋል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ግራና ቀኝ ያሉት የፍሬን አምፖሎች እያንዳንዳቸው 21 ዋት ናቸው፤ ሁለቱ 42 ዋት። በ12 ቮልት ሲካፈል 3.5 አምፔር። የላይኛው ሦስተኛው መብራት ቢጨመርም ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ፊውዙ ከተበጠሰ አንድ ቦታ ኤሌክትሪኩ መንገድ ስቶ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። እዚያ ላይ ባለ 30 አምፔር የሚያስገባ ሰው ፊውዙን ከመበጠስ አድኖ ሽቦውን ለእሳት እየሰጠ ነው። «ፊውዝ በሽታ አይደለም ልጄ» አሉኝ ጋሼ፤ «ፊውዝ በሽታውን የነገረሽ ነው።»

ከዚያ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን መለየት ጀመሩ። ወደ ኋላ በር የሚሄደውን የሽቦ ሶኬት ነቀሉና ሌላ ፊውዝ አስገቡ። አስረገጡኝ። ፊውዙ ዝም አለ፤ ግራና ቀኝ መብራቶች ቦግ አሉ፤ ከማርሹ ሥር ያቺ «ጠቅ» የምትል ድምፅ መጣች። ማርሹ ሞቷል በተባለው ካምቢዮ ላይ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ «አር» ገባ። ጥፋቱ ታዲያ የት ነው? የኋላው በር ሲከፈትና ሲዘጋ አብሮ የሚታጠፍ ጥቁር የጎማ እጅጌ አለ፤ ሽቦዎቹ የሚያልፉት በሱ ውስጥ ነው። እሱን ገለጥ ሲያደርጉት፣ ለሦስተኛው የፍሬን መብራት የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ከመታጠፍ ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ ከስፒል ጭንቅላት በማይበልጥ ቦታ ላይ መዳቡ ተላጦ የበሩን ብረት ነክቷል። ጥፋቱ ይኸው ነው። የተሰነጠቀውን ቆርጠው ስንዝር የማትሞላ አዲስ ሽቦ ቀጠሉ፣ በቆርቆሮ በየዱት፣ በሙቀት የሚኮማተር ልባስ አለበሱት። ካምቢዮው አሁንም ያው ነው። እየነዳሁት ነው።

ንዴቴ ግን በካምቢዮው አላበቃም። ያ ጋራዥ «ሎኩን ነቅለን እንጥለው» ብሎኝ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማርሹ ይፈታል። ደስ ይለኛል። አመስግኜ ከፍዬ፣ አንድም የፍሬን መብራት ሳይኖረኝ ቀለበት መንገድ እወጣለሁ። ከኋላዬ ሲኖትራክ። እሱ እኔ መቆሜን የሚያውቀው በምን ነው? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። ስንቱ መኪና ነው በዚህ ከተማ ማርሹ «ተስተካክሎለት» መብራቱ ሞቶ የሚሄደው? ማታ ማታ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ከፊታችሁ ያለውን እዩና ንገሩኝ።

ወደ ቪትዝ ልመለስ፤ የዚህች መኪና ነገር ለብቻው ጩኸት ይገባዋል። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2020 በዚህ ስም የተሸጠችው እዚያ ነው። በጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ዘንድ መሪው በግራ ነው። ታዲያ መሪው በምን ተአምር ወደ ግራ መጣ? በመንገድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ዱባይ፣ ሰው ቆርጦ ነው ያዛወረው። መሪው ሲዛወር የፍሬን ፔዳሉም ይዛወራል። ፔዳሉ ሲዛወር ከሱ በላይ ያለው የፍሬን ማብሪያም ይዛወራል። የማብሪያው ሽቦ ግን አጭር ነው፤ እዚያ እንዲደርስ አልተሠራም። ስለዚህ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ በናስትሮ ይጠቀለላል፣ ዳሽቦርዱ ይዘጋበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያ ቅጥል ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ይላላል። የሚፈረድበት ግን ከፔዳሉ በታች ዘይቱ ውስጥ ተቀምጦ ምንም የማያውቀው ካምቢዮ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

በዚህ ላይ የአላርምና የጂፒኤስ ገጣሚዎችን ጨምሩበት። ኤሌክትሪኩ ከየትም ቢመጣ ግድ ስለሌላቸው፣ ከዳሽቦርዱ ሥር የመጣላቸውን ሽቦ ልጠው ይጠመጥሙበታል። ያ የተላጠው ሽቦ የማርሹ መልእክት የሚሄድበት ቢሆንስ? ማን ጠይቆ! ጠምጥመው፣ ናስትሮ አልብሰው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄደዋል።

እንግዲህ የሚለካው ምንድን ነው? ይህን አንቀጽ ቆርጣችሁ ያዙትና «እንዲህ አድርግልኝ» በሉ። አንደኛ ባትሪው። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል፤ ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። ባትሪው ከደከመ ሶሌኖይዷ ለመሳብ አቅም ታጣለች። ሁለተኛ የፍሬን መብራቱ። ጭራሽ ካልበራ ፊውዙ ይታያል። ፊውዙ ደህና ከሆነ ወደ ፔዳሉ ማብሪያ ይኬዳል፤ በአንዱ ሽቦ ላይ ምንጊዜም 12 ቮልት መኖር አለበት፣ በሌላው ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ። በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ ማብሪያው ነው ጥፋተኛው፤ ጭራሽ ካልገባ ጥፋቱ ከማብሪያው በፊት ነው። በተቃራኒው መብራቱ ሳይረገጥም ሁሌ በርቶ ከቀረ፣ በአንዳንድ መኪኖች ፔዳሉ ላይ ማብሪያውን የሚገፋው ትንሽ ፕላስቲክ ተፈርፍሮ ነው። ያኔ ባትሪው በሌሊት ያልቃል፤ ማርሹም ያለ ፍሬን ይፈታል፤ እሱ ደግሞ ሌላው አደጋ ነው።

መብራቱ በትክክል እየሠራ ማርሹ ካልፈታ ጆሮ ይሥራ። ፔዳሉ ሲረገጥ «ጠቅ» ካለ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው የተሰበረ ፕላስቲክ፣ የገባ ሳንቲም ወይም የፈሰሰ ጁስ ነው። ድምፅ ከሌለ የማርሹ ሽፋን ተነስቶ ያቺ ሳጥን ትታያለች። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚለኩት ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ቁልፉ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሲከፈት የሚመጣው ኤሌክትሪክ፣ ሙሉ ሲከፈት የሚመጣው ኤሌክትሪክ፣ የፍሬን መልእክቱ፣ ነጋቲቩ። የፍሬን መልእክቱ ፔዳሉ ሲረገጥ ከ10 እስከ 14 ቮልት፣ ሲለቀቅ ከ1 ቮልት በታች ያነባል። ሁሉም ደርሰው ሶሌኖይዷ ካልተነቃነቀች፣ ያኔ ብቻ፣ ያኔ ብቻ ነው ሳጥኗ ወይም ሶሌኖይዷ የምትከሰሰው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቴስተር ይዘው የሚሸወዱም አሉና። የላላ ወይም የዛገ ቅጥል ምንም ሳይሠራበት ብትለኩት 12 ቮልት ያሳያችኋል። ኤሌክትሪክ ሲጠየቅ ግን መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ የሚለካው ፔዳሉ ተረግጦ፣ መብራቱ ተጠይቆ፣ ሥራ ላይ እያለ ነው። ነጋቲቩም እንዲሁ፤ በሥራ ላይ እያለ ከሳጥኗ ነጋቲቭ እስከ ባትሪው ነጋቲቭ ሲለካ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። እዚያ ላይ አንድ ቮልት ካያችሁ ጥፋቱን አገኛችሁት። የጋሼ የመሞከሪያ አምፖል ጥቅሟ ይህ ነው፤ አምፖሏ ራሷ ኤሌክትሪክ ትጠይቃለች፣ ደካማውን ሽቦ በደብዛዛ ብርሃኗ ታጋልጣለች።

«ኮምፒውተር ላይ አስነብቤዋለሁ» የሚባለውንም አትፍሩት። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የማርሽ ሎኩ ሳጥን ከምርመራ ሶኬቱ ጋር አይነጋገርም፤ ኮድ አይመዘግብም። ስካነሩ «ምንም የለም» አለ ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። የሚያውቅ ሰው ስካነሩን የሚጠቀምበት በሌላ መንገድ ነው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር የፍሬን መልእክቱን እያየው እንደሆነ በስክሪኑ ላይ ይከታተላል። የማያውቀው ደግሞ ስካነሩን ሰክቶ ፊቱን ያኮሳትራል፤ ለዚያ መኮሳተሩ ያስከፍላል።

ይህ ሎክ ጌጥ ሆኖ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኦዲ 5000 የተባለው መኪና «ቆሞ ሳለ በራሱ ይፈተለካል» ተብሎ ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1986 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የሲቢኤስ ፕሮግራም የነዳጅ ፔዳሉ በራሱ ሲወርድ የሚያሳይ መኪና አቀረበ፤ ለካ ያ መኪና ካምቢዮው ተበስቶ የታመቀ አየር እንዲገባበት ተደርጎ ኖሯል። እዚያም ሳይለኩ ፈረዱ! የኦዲ ሽያጭ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ከነበረበት ከ70 ሺህ በላይ መኪና በ1991 ወደ 12 ሺህ ገደማ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጥናቱን ሲያወጣ ዋናው ምክንያት ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ነጂዎች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ ይረግጡ ነበር። ኦዲ ያበጀው መከላከያ ይኸው የማርሽ ሎክ ነው፤ እግርህን ፍሬን ላይ ሳታደርግ ማርሽ አታስገባም።

ነገሩ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሕግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 የሁለት ዓመቱ ካሜሮን ጉልብራንሰን ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ተገጭቶ ሞተ፤ መኪናውን የነዳው አባቱ ነበር። በሕፃኑ ስም የተሰየመው የሕፃናት የመጓጓዣ ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ጸደቀ፤ ከድንጋጌዎቹ አንዱ፣ ከሴፕቴምበር 2010 ጀምሮ የሚመረት ማንኛውም ቀላል አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከ«ፒ» እንዳይወጣ የሚያስገድድ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በቆመ መኪና ውስጥ የሚጫወት ልጅ ማርሹን ስቦ መኪናውን ቁልቁል እንዳይለቀው። እኛ ደግሞ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ሥር፣ ዳገት ላይ የተሠራ ከተማ ይዘን፣ ልጆቻችን በቆመ መኪና ውስጥ መሪ እያዞሩ እያደጉ፣ ሎኩን በካቻቢቴ ፈልቅቀን እንጥላለን። «አሁን ተመቸሽ?» ይሉናል። አዎ፣ በጣም ተመቸን!

ማርሹ ሜዳ ላይ ከተያዘባችሁ መውጫ መንገዱን ፋብሪካው ራሱ ሠርቶላችኋል። በብዙ መኪኖች ከማርሹ አጠገብ «ሺፍት ሎክ» የተጻፈባት ቁልፍ ወይም ትንሽ ክዳን አለች። የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ የእግር ፍሬን ይረገጣል፣ እሷን ተጭኖ ማርሹን ወደ «ኤን» ማውጣት ይቻላል። ይህ ግን ለጭንቅ ቀን ነው፤ ከመንገድ ዳር ለማንሳት፣ ለመጎተት። መብራታችሁ መሥራቱን ሳታረጋግጡ በዚህ ብልሃት ከተማ እየዞራችሁ ከሆነ፣ ጋራዡን ለመውቀስ አፍ የላችሁም።

ከመካኒኮች ወገን የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ዲያግራም የለንም» ይላሉ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የእያንዳንዱ ፊውዝ ሥራና መጠን ተጽፏል፤ 12 ቮልት ደግሞ በጃፓንኛም በአማርኛም 12 ቮልት ነው። «መሣሪያ ውድ ነው» ይላሉ። ቴስተር በጋራዡ ካሉት ርካሽ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ በእጃችሁ ያለው ስልክ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። «ደንበኛው ለምርመራ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለዕቃ ነው» ይላሉ። ለዚህኛው መልስ የለኝም፤ እውነት ነውና።

አዎ፣ ይህ የኛ ጥፋት ነው። ሰውየው አንድ ሰዓት ተንበርክኮ፣ ዳሽቦርድ ሥር ተኝቶ፣ የተላጠች ሽቦ አግኝቶ ሲጠግን «ምን ሠራህና ነው?» እንላለን። ያው ሰው ሳይለካ ከሶማሌ ተራ ዕቃ አስመጥቶ ቢቀይር ግን አሮጌውን ዕቃ በእጃችን ይዘን፣ ደስ ብሎን እንከፍላለን። አንጎሉን ለተጠቀመ ነፍገን ዕቃ ለቀየረ የምንሰጥ ከሆነ፣ የሚያስብ መካኒክ ከየት ይምጣልን? በዚህ ከተማ ከሽቦ ጋር የሚነጋገሩ፣ እጃቸው የተባረከ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ። እያከሰርናቸው ያለነው እኛ ነን። ዓመታዊውን ምርመራ ለማለፍ አንድ ቀን አምፖል ተውሰን የምናስገባውም እኛው ነን፤ ቦሎው ከተለጠፈ ማግስት መብራቱ ቢሞት ማን ያየናል?

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ የሽቦ ልባሳቸው ከዓመት ዓመት እየደረቀ፣ ቅጥላቸው እየዛገ ይሄዳል። በጎናቸው ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገብተዋል። እነሱም ፍሬን ካልተረገጠ «ዲ» አይገቡም፤ ያው የፍሬን መልእክት ነው። ከትልቁ ባትሪ ሌላ ተራው ባለ 12 ቮልት ባትሪም አላቸው፤ እሱ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ ፊውዝ ሳያይ «ካምቢዮው ሞቷል» የሚል ሰው ነገ ምን ይላል? «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ይላል። ያ ባትሪ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ክፍል የያዘ ነው። ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ የሚይዘውን ያንን ባትሪ በናስትሮና በግምት የሚነካ ሰው ደግሞ የሚከፍለው ገንዘብ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ጋራዥ ስትገቡ ስለ ዕቃ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የምርመራ ዋጋ ተስማሙና ክፈሉ፤ ሳታጉረመርሙ ክፈሉ። ከዚያ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ባትሪው ስንት አነበበ፣ ማብሪያው ላይ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ? ቁጥር ለሌለው ሰው ገንዘብ አትስጡ። ፊውዝ ሲቀየር ለምን እንደተበጠሰ ሳይነገራችሁ አትውጡ። «ነቅለን እንጥለው» ያላችሁን ሰው ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ተሰናበቱት። አሮጌ መኪና የምትገዙም ደላላው ስለ ቀለሙ ሲያወራ እናንተ ይህን ሞክሩ፤ ሜዳ ላይ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ሳታስነሱና እግራችሁ ፔዳሉን ሳይነካ ማርሹን ከ«ፒ» ለማውጣት ሞክሩ። ከወጣ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ አንዱ ነቅሎታል። በራሳችሁ መኪና ላይም ዛሬ ማታ ይህንኑ አድርጉ። ከወጣላችሁ ነገ ጠዋት ወስዳችሁ አሠሩት፤ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ለደመወዝ ቀን የሚቆይ ሥራ አይደለም።